በበረዶ ወራት በሳይክል ሥራ ለመሄድ የትኛውን የአየር ትንበያ እንመን?

ማታ ስልካችሁን ከፍታችሁ ስታዩ አንዱ አፕ «ነገ ደመናማ» ይላል። ሌላው የበረዶ ምልክት ደርድሯል። ሦስተኛው ደግሞ የዝናብ ዕድል 40 በመቶ ብሎ ይተዋችኋል። ጠዋት ሳይክሉን ይዛችሁ ስትወጡ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አስፋልቱ ግን መስታወት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሦስቱም አፖች ያወሩት ስለ ሰማዩ ነበር። ስለ መንገዱ ግን አንዳቸውም አልተናገሩም።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አብዛኛው ትንበያ የሚነግረን ስለ አየሩ ነው፣ እኛን የሚጥለን ግን መሬቱ ነው። መኪና ለሚነዳ ሰው የሁለት ዲግሪ ስህተት ብዙ ጊዜ ምንም ማለት አይደለም። በሁለት ጎማ ለሚሄድ ሰው ግን ከዜሮ በላይ 1 እና ከዜሮ በታች 1 መካከል ያለው ልዩነት፣ በረጠበ መንገድና በሚያንሸራትት መንገድ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ አንድ «ምርጥ» አፕ መፈለጉን ተዉት። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ምንጭ ነው። አንዱ ማታ ለማቀድ፣ አንዱ ጠዋት ከበር ከመውጣታችሁ በፊት ለማረጋገጥ። የትኞቹ ሁለት የሚለው እንደ መንገዳችሁ፣ እንደ ጎማችሁና እንደ ሌላ አማራጫችሁ ይለያያል።

መጀመሪያ መለኪያው

ከሁሉ በፊት የማየው ምንጩ ስለ መንገዱ ወለል ምን ይነግረኛል የሚለውን ነው። ትንበያ ላይ የምታዩት ሙቀት ከመሬት 2 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ላይ ያለ የአየር ሙቀት ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ የያዘውን ሙቀት ወደ ላይ እየለቀቀ ከአየሩ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ስልኩ 3 ዲግሪ እያለ አስፋልቱ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ደመና ካለ ግን ከመሬት የወጣውን ሙቀት በከፊል ወደ ታች ስለሚመልሰው ነገሩ ይቀላል። ለዚህ ነው ደመናማ ሆኖ 2 ዲግሪ የሆነ ጠዋት፣ ጥርት ብሎ 3 ዲግሪ ከሆነ ጠዋት ብዙ ጊዜ የሚሻለው። ድልድይ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ከላይም ከታችም ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ በረዶ ይይዛል። የሕንፃና የዛፍ ጥላ ያለበት ቦታም እንደዚያው፤ ሌላው ሁሉ ደርቆ እዚያ ብቻ ሳይቀልጥ ይውላል።

የጤዛ ነጥብ የሚባለውን ቁጥር ልመዱት። አየሩ ስንት ዲግሪ ድረስ ሲቀዘቅዝ የያዘው እርጥበት መውጣት እንደሚጀምር የሚናገር ቁጥር ነው። የመንገዱ ወለል ከዜሮም ከጤዛ ነጥቡም በታች ከወረደ፣ ከሰማይ ጠብታ ሳይወርድ ውርጭ መንገዱን ይሸፍነዋል። እናም የአየሩ ሙቀትና የጤዛ ነጥቡ ተቀራርበው ሁለቱም ዜሮ አካባቢ ከሆኑ ነገ ጠዋት ቀስ ማለት ይገባል። ይህን ቁጥር የማያሳይ አፕ ለሳይክል ነጂ ግማሹን ወሬ አስቀርቶበታል።

ሌላው የሚረሳው ነገር ትናንት ነው። ትንበያ ወደፊት ብቻ ነው የሚያየው። ትናንት ከሰዓት ፀሐይ ወጥታ በመንገዱ ዳር የተከመረውን በረዶ ካቀለጠች፣ ውሃው ወደ ብስክሌት መስመሩ ይፈስና ሌሊት ይጠጥራል። ብላክ አይስ የሚባለው፣ አስፋልቱን አስመስሎ የሚተኛው ስስ በረዶ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው። አፑ «ነገ ደረቅ» ሲል ልክ ነው፣ አዲስ ነገር አይወርድም። የወረደው ግን አለ።

ሁለተኛው መለኪያ ሰዓት ነው። የቀኑ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ብቻውን ብዙም አይጠቅመንም። ጥርት ባለ ቀን ዝቅተኛው ሙቀት የሚመጣው ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት አካባቢ ነው፣ ይኸውም ብዙ ሰው ወደ ሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው። በየሰዓቱ ከፋፍሎ የማያሳይ ምንጭ ለዚህ ጉዳይ ገና ከመነሻው ይወድቃል።

ከዚያ ነፋስ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሙቀቱን አይቶ ነፋሱን ይዘለዋል። ትንበያ ላይ የሚጻፈው የነፋስ ፍጥነት ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው፣ የደቂቃዎች አማካይ ነው። ሳይክሉን ወደ መኪና መስመር የሚገፋው ግን አማካዩ ሳይሆን ድንገት የሚመጣው ብርቱ ነፋስ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ለይቶ የሚያሳይ ምንጭ ፈልጉ። አሃዱንም አጣሩ፤ አንዳንዱ በሰከንድ ሜትር ነው የሚጽፈው። 10 ሲል ቀላል ይመስላል፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ነው። በ3.6 አባዙት። አቅጣጫውም ወሳኝ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ 20 የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ ገላችሁ የሚገጥመው 40 ነው፣ የአየሩ ግፊትም ነፋስ ከሌለበት ቀን አራት እጥፍ ይሆናል። ሃያ ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ ግማሽ ሰዓት አልፎ ሊሄድ ይችላል፣ በዚያ ቅዝቃዜ።

ብዙ አፖች «የሚሰማው ሙቀት» ብለው የሚያሳዩት ነፋሱ ቆዳችንን ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዘው የተሰላ ቁጥር ነው። በሰሜን አሜሪካ ከ2001 ጀምሮ በሚሠራበት ቀመር፣ 5 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሆኖ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከነፈሰ እንደ 12 ከዜሮ በታች ይሰማል። 10 ከዜሮ በታች ሆኖ 30 ከነፈሰ እንደ 20 ከዜሮ በታች። ቀመሩ የተሠራው ለሚራመድ ሰው ነው። እኛ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ የራሳችንን ነፋስ እየፈጠርን ነው የምንሄደው፣ ስለዚህ ለጓንትና ለፊት መሸፈኛ ስትመርጡ አፑ ከሚለው የከፋውን አስቡ። ግን አንድ ነገር አትቀላቅሉ፤ ይህ ቁጥር ለቆዳ ነው እንጂ ለመንገድ አይደለም። አየሩም መንገዱም 2 ዲግሪ ሆኖ የሚሰማው 4 ከዜሮ በታች ቢሆን፣ ነፋሱ ስለነፈሰ ብቻ ውሃው አይጠጥርም።

ቀጥሎ ከሰማይ የሚወርደው ምንድን ነው የሚለው አለ። ደረቅ ብናኝ በረዶ፣ እርጥብ በረዶና ወድቆ የሚጠጥር ዝናብ ለጎማ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በደንብ ሲቀዘቅዝ፣ 10 ከዜሮ በታች አካባቢ፣ የተረገጠ በረዶ ጎማን በደንብ ይይዛል። ዜሮ አጠገብ ያለው ግን በላዩ ውሃ ስለሚኖረው በጣም ያንሸራትታል። ከሁሉ የከፋው የሚጠጥር ዝናብ ነው። ከላይ ሞቅ ያለ አየር፣ ከታች መሬቱ አጠገብ ከዜሮ በታች የሆነ አየር ሲኖር ዝናቡ ፈሳሽ ሆኖ ይወርድና መሬት እንደነካ ድንጋይ ይሆናል። የዝናብ ምልክት ብቻ የሚያሳይ አፕ ይህን ከተራ ዝናብ አይለየውም። መጠኑን ስታነቡ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ በግምት 1 ሴንቲ ሜትር በረዶ እንደሚሆን አስታውሱ፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ከዚያም ይበልጣል።

የቀሩት ሁለት መለኪያዎች አጭር ናቸው። መረጃው ስንት ሰዓት ላይ ነው የታደሰው? ገና እንቅልፍ ያልለቀቀው ሰው በአንድ ደቂቃ ሊያነበው ይችላል?

ስልኩ ላይ አብሮ የመጣው አፕ

ነፃ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ሙቀቱ ከዜሮ በጣም ራቅ ባለበት ቀን ይበቃል። 9 ዲግሪና ደረቅ ከሆነ ምን ትመራመራላችሁ፣ ሂዱ። የትንበያ ምንጮች ልዩነት የሚወጣው ከዜሮ በታች 3 እስከ ከዜሮ በላይ 4 ባለው መሀል ነው፣ ይህ አፕ ደካማ የሚሆነውም እዚያው መሀል ላይ ነው። አንድ ምልክት መርጦ ሰዓቱን ሙሉ፣ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ በእሱ ይሸፍነዋል። ድንገተኛውን ነፋስና የጤዛ ነጥቡን ወይ አያሳይም፣ ወይ ሦስት ጊዜ ተጭናችሁ ነው የምታገኙት። ትንበያው ከየት እንደመጣና መቼ እንደተሰላም ብዙ ጊዜ ግልጽ አይደለም።

የሜትሮሎጂ ተቋማት የየሰዓት ትንበያ

ለማታው ውሳኔ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። በየአገሩ ያለው የሜትሮሎጂ ተቋም ድረ ገጽ ወይም አፕ አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው፣ በየሰዓቱ ይከፋፍላል፣ ማስጠንቀቂያውም እዚያው ነው። አካባቢውን የሚያውቅ ባለሙያ የሚከታተለው መሆኑም ትልቅ ነገር ነው። ሸለቆው ውስጥ ያለው ሰፈር ከኮረብታው እንደሚቀዘቅዝ፣ ከሐይቁ በኩል ሲነፍስ በረዶ እንደሚበዛ ኮምፒውተሩ ሲስተው ሰው ሊያርመው ይችላል። ኖርዌይ ውስጥ የሜትሮሎጂ ተቋሙና ኤንአርኬ የተባለው የሕዝብ ብሮድካስት ድርጅት በ2007 የጀመሩት ዋይአር የሚባለው አገልግሎት ለመላው ዓለም በነፃ ስለሚሠራ፣ የአገራቸው ተቋም ገጽ ለማንበብ የሚያስቸግራቸው ሰዎችም ይጠቀሙበታል። ነፋሱን በሰከንድ ሜትር እንደሚጽፍ አትርሱ።

አንዳንድ ተቋማት ባለሙያው በጽሑፍ የሚያብራራውን ሐተታ አብረው ያወጣሉ። ይህን ማንበብ ልመዱ። «ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ ስለሚሆን ዝናብ ይሁን በረዶ እርግጠኛ አይደለንም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከአሥር ምልክት ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

የዝናብ ዕድል የሚባለውን ቁጥርም እዚህ ላይ እናጥራ። 40 በመቶ ማለት በዚያ ቦታ፣ በተባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሊለካ የሚችል ያህል ነገር የመውረድ ዕድሉ ከ10 አራት ነው ማለት ነው። የቀኑን 40 በመቶ ይዘንባል ማለት አይደለም። ብዙ ይወርዳል ጥቂት ይወርዳልም አይልም። ለቀኑ በሙሉ 40 የተባለው ለእናንተ ሰዓት 10 ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የቀኑን ትታችሁ የሰዓታችሁን እዩ።

ድክመቱ? የመንገድ ወለል ሙቀትን ለሕዝብ የሚያሳዩት ሁሉም አይደሉም። ከጤዛ ነጥቡና ከደመናው ራሳችሁ ማስላት ይኖርባችኋል።

የኮምፒውተር ሞዴሎችን ጎን ለጎን የሚያሳዩ ገጾች

ዊንዲንና ሜቴኦብሉን የመሳሰሉ ገጾች ካርታውን በቀለም አሳምረው ያቀርባሉ። ከኋላቸው ያሉት ሞዴሎች፣ ማለትም የአየሩን ሁኔታ በቀመር የሚያሰሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው። አውሮፓውያን በጋራ ያቋቋሙት የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ዋና ሞዴል ዓለምን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው አራት ማዕዘኖች ይከፋፍላል። ጂኤፍኤስ የሚባለው የአሜሪካ ሞዴል በ13 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከፋፍልና በቀን አራት ጊዜ ይሠራል። ክልላዊ የሆኑት ይበልጥ ይጠባሉ። የፈረንሳዩ አሮም 1.3 ኪሎ ሜትር ነው፣ የአሜሪካው ኤችአርአርአር ደግሞ 3 ኪሎ ሜትር ሆኖ በየሰዓቱ ይታደሳል።

ትልቁ ጥቅማቸው ንጽጽሩ ነው። ሦስት ሞዴሎች ለነገ ጠዋት አንድ ዓይነት ነገር ካሉ ልብን ያሳርፋል። አንዱ 10 ሴንቲ ሜትር በረዶ፣ ሌላው ዝናብ፣ ሦስተኛው ምንም ካለ ደግሞ አለመስማማታቸው ራሱ መረጃ ነው፤ ሌላ መጓጓዣ አዘጋጁ ማለት ነው። አንዳንዶቹ ገጾች አንድን ሞዴል መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየቀያየሩ ብዙ ጊዜ አስልተው የውጤቱን ስፋት ያሳያሉ፤ የአውሮፓው ማዕከል 50 እንዲህ ያሉ ስሌቶች ከአንድ ዋና ጋር ያካሂዳል። ከሦስት ቀን በላይ ወደፊት ለማቀድ፣ ለምሳሌ በሳምንቱ የትኞቹን ቀናት በሳይክል፣ የትኞቹን በባቡር ልሂድ ለማለት፣ ከዚህ የሚሻል የለም።

ግን ውበቱ አያታላችሁ። ካርታው ሲቀርብ የናንተን መንገድ የሚያሳይ ይመስላል፣ ቁጥሩ ግን ለብዙ ኪሎ ሜትር አራት ማዕዘን የተሰጠ ነው። ሞዴሉ ያንን አካባቢ ከእውነተኛው ከፍታ አሳንሶ ወይም አስረዝሞ ሊይዘው ይችላል። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፣ የ300 ሜትር ስህተት ብቻውን 2 ዲግሪ ገደማ ነው ማለት ነው። ለእኛ ያ ሁሉ ነገር ነው። ጥርት ባለ ጸጥተኛ ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ቀዝቃዛው አየር ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። አንዳንድ ተጨማሪ ነገሮች በክፍያ ናቸው፤ ለሥራ ምልልስ ብቻ ከሆነ ነፃው ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ራዳር

ከመውጣታችሁ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ራዳር ንጉሥ ነው። ሬዲዮ ሞገድ ልኮ ከዝናቡና ከበረዶው የሚመለሰውን ይለካል፣ ብዙ ቦታ በየ5 ወይም በየ10 ደቂቃው ይታደሳል። ደመናው ወዴት እንደሚሄድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። «አሥራ አምስት ደቂቃ ብቆይ ያልፋል» ብሎ መወሰን የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው።

በበረዶ ወራት ግን ሁለት ጉድለት አለበት። ሞገዱ ከጣቢያው በራቀ ቁጥር ከመሬት ከፍ እያለ ይሄዳል፣ በረዶ የሚጥለው ደመና ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ራዳሩ ባዶ እያሳየ በረዶ ሊጥል ይችላል፣ በተለይ ከጣቢያው ሩቅ ከሆናችሁ። ሁለተኛው፣ መሬቱ ላይ ያለውን ጨርሶ አያውቅም። ራዳሩ ንጹሕ ስለሆነ መንገዱ ንጹሕ ነው ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ከሁለት ሰዓት ወዲያ ያለውንም አትጠይቁት።

የመለኪያ ጣቢያዎች፣ የመንገድ ሴንሰሮችና ካሜራዎች

ሰው የማያያቸው፣ ለሳይክል ነጂ ግን ዕንቁ የሆኑ ምንጮች እነዚህ ናቸው። ትንበያ አይደሉም፤ አሁን ያለውን ነው የሚናገሩት። በረዶ በሚበዛባቸው ብዙ አገሮች የመንገድ ባለሥልጣናት አስፋልቱ ውስጥ ሴንሰር ቀብረዋል። የወለሉን ሙቀት፣ አንዳንዴም ደረቅ፣ እርጥብ ወይም በረዶ የያዘ መሆኑን ለሕዝብ በካርታ ያሳያሉ። በአጠገባቸው ካሜራ አለ። የአየር 2 ዲግሪ፣ የወለል 1 ከዜሮ በታች የሚል ንባብ ካያችሁ ሌላ ምንም አፕ መክፈት አያስፈልግም።

ጣቢያዎቹ በአብዛኛው የተተከሉት በአውራ ጎዳና ላይ መሆኑን ግን አስቡ። እዚያ ጨው ተበትኗል፣ መኪና ያለማቋረጥ ያልፋል። የናንተ የብስክሌት መስመር ገና ያልተነካ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአውራ ጎዳናው ሴንሰር «ደህና ነው» ቢል በግማሽ ልብ፣ «በረዶ ነው» ቢል ደግሞ በሙሉ ልብ እመኑት። ጨውም ቢሆን ገደብ አለው፤ የተለመደው ጨው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሥራው በጣም ይዳከማል።

እንዲህ ያለ ነገር በሌለበት ቦታ የቅርቡ አየር ማረፊያ ንባብ ይረዳል። ቢያንስ በየሰዓቱ ይወጣል፣ ጭጋግና የሚጠጥር ዝናብ ካለም ይጽፋል።

የማስጠንቀቂያ መልእክት

ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ። ስልካችሁ ላይ እንዲደወል አድርጉት፣ አይጎዳችሁም። ደረጃው የሚወጣው ግን ለጠቅላላው ሕዝብና ለመኪና መንገድ ታስቦ ነው። ስለዚህ በእኔ ሚዛን፣ ለባለመኪናው ቢጫ የሆነው ለሳይክል ነጂ ብርቱካናማ ነው። ማስጠንቀቂያ የለም ማለት ደግሞ መንገዱ አያንሸራትትም ማለት አይደለም፤ አንድ ድልድይ ላይ ለሚተኛ ውርጭ ማንም ደወል አይደውልም።

ቴርሞሜትርና የራስ ዓይን

ርካሽና ታማኝ። መስኮት ላይ የሚሰቀል ቴርሞሜትር ግድግዳው እያሞቀው ትንሽ ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ ታሳቢ አድርጉ። አቅም ካላችሁ ወደ ነገሩ አነጣጥሮ የወለሉን ሙቀት የሚያነበውን በእጅ የሚያዝ ቴርሞሜትር ግዙ፤ አስፋልት ላይ በደንብ ይሠራል፣ የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ግን ያሳስታል።

ዓይንም ብዙ ይነግራል። የቆሙ መኪኖች መስታወት ውርጭ ይዟል? መንገዱ ረጥቦ እያለ ከሚያልፉት መኪኖች ጎማ ሥር ውሃ ይረጫል? ረጥቦ እየታየ ምንም የማይረጭ ከሆነ ያ ውሃ አይደለም። በጫማችሁ ጫፍ ነካ አድርጉት። ድክመቱ ግልጽ ነው፤ በራችሁ ላይ ያለውን እንጂ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ድልድይ አያሳያችሁም።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| ምንጭ | የሚጠቅመው መቼ | የመንገድ ወለል | ነፋስ | ወጪ | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| የስልኩ አፕ | ማታ፣ በግርድፉ | አያሳይም | አማካዩን ብቻ በብዛት | ነፃ | ዜሮ አካባቢ ያሳስታል |
| የሜትሮሎጂ ተቋም የየሰዓት ትንበያ | ማታና ጠዋት | በጤዛ ነጥብ በኩል ይገመታል | ጥሩ | ነፃ በብዛት | ወለሉን በቀጥታ የሚያሳየው ጥቂቱ ነው |
| የሞዴል ገጾች | ከ2 እስከ 7 ቀን በፊት | ደካማ | በጣም ጥሩ | ነፃ፣ ተጨማሪው በክፍያ | ጊዜ ይፈጃል፣ የተጋነነ እምነት ይሰጣል |
| ራዳር | ከመውጣት በፊት ባለው ሰዓት | ምንም | የለም | ነፃ በብዛት | ዝቅ ያለ በረዶ ያመልጠዋል |
| ጣቢያ፣ ሴንሰርና ካሜራ | ጠዋት | ምርጥ | ጥሩ፣ ጣቢያው ካለው | ነፃ | ሁሉም ቦታ የለም፣ ስለ አውራ ጎዳና ነው |
| ማስጠንቀቂያ | ሁልጊዜ | በጥቅሉ | ለከባድ ነፋስ | ነፃ | ለመኪና የታሰበ ነው |
| ቴርሞሜትርና ዓይን | በር ላይ | ጥሩ፣ ለደጃፍ | በስሜት | ትንሽ | ሩቁን አያሳይም |

ታዲያ ማን የቱን ይያዝ

መንገዳችሁ አጭርና ሜዳ ከሆነ፣ ካልሆነም በእግር የሚያስኬድ ከሆነ፣ የሜትሮሎጂ ተቋሙ የየሰዓት ትንበያና ዓይናችሁ ይበቃሉ። ራሳችሁን አታድክሙ።

ረጅም፣ ገላጣ፣ ድልድይ ያለበት መንገድ ለሚሄድ ሰው ግን የየሰዓቱን ትንበያ ማታ፣ ሴንሰሩንና ካሜራውን ጠዋት እላለሁ። ነፋሱን ለይታችሁ እዩ። በድልድይ ላይ ከጎን የሚመጣ ብርቱ ነፋስ መሬቱ ከሚያንሸራትት ጋር ሲገጥም፣ ባለ ብረት ጥርስ ጎማም ሁሉን አያድንም።

ስለ ጎማው ካነሳን፣ ባለ ብረት ጥርስ ጎማ የገጠመ ሰው የሚፈራው ነገር ይለወጣል። ስስ በረዶና ውርጭ እምብዛም አያሳስበውም። የሚያቆመው ጥልቅ በረዶና በመኪና ጎማ ተቦክቶ መልሶ የጠጠረ መንገድ ነው። ስለዚህ ለእሱ የበረዶው መጠንና መንገዱ መቼ እንደሚጠረግ ከጤዛ ነጥቡ ይቀድማል። ተራ ጎማ ያለው ሰው ግን ከ3 ዲግሪ በታች ጥርት ያለ ሌሊት ባለፈ ቁጥር ወለሉን ሳያረጋግጥ አይውጣ።

በኤሌክትሪክ ሳይክል የምትሄዱ፣ ባትሪው በቅዝቃዜ የሚያስኬደው ርቀት ይቀንሳል፣ ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ደግሞ ይጨርሰዋል። ለእናንተ የመመለሻው ሰዓት ነፋስና ሙቀት ከጠዋቱ እኩል ያስፈልጋል። ውጭ የዋለ ባትሪ ከዜሮ በታች ሆኖ አይሞላም፤ ከተቻለ ነቅላችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት።

ልጅ ጭናችሁ የምትሄዱ ከሆነ መለኪያውን አጥብቁት። ልጁ ፔዳል ስለማይመታ ገላው አይሞቅም፣ የነፋሱ ቅዝቃዜ ከእናንተ ይልቅ እሱን ነው የሚያገኘው። ምንጮቹ ካልተስማሙ ያ ቀን የአውቶቡስ ቀን ነው።

ባስ ወይም ባቡር ያለው ሰው ውሳኔውን ማታ ጨርሶ ይተኛ። አማራጭ የሌለው ግን የሰዓቱን ነገር ይጠቀምበት፤ አለቃን አስፈቅዶ ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ መውጣት ከየትኛውም ውድ አፕ ይበልጣል። ኢንተርኔት የሚቆጥብ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን በስልክ መልእክት ወይም በሬዲዮ ይከታተል፣ አንድ ቴርሞሜትር ይግዛ፣ ካርታና ራዳር ብዙ ዳታ ስለሚበሉ ቤት ውስጥ ዋይፋይ ባለበት ብቻ ይክፈታቸው።

መመለሻውን ደግሞ እንደ አዲስ ጉዞ ቁጠሩት። በበረዶ ወራት ፀሐይ ቶሎ ስለምትጠልቅ ብዙዎቻችን የምንወጣው ቀን የቀለጠው መልሶ መጠጠር ሲጀምር ነው። ከሥራ ከመውጣታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ራዳሩንና የቅርቡን ጣቢያ ንባብ እዩ። ሙቀቱ ዜሮን እያለፈ ወደ ታች ከሆነና መንገዱ ከረጠበ፣ ሳይክሉን ሥራ ቦታ ቆልፋችሁ በሌላ መንገድ ሂዱ፤ ነገ ከሰዓት ትወስዱታላችሁ።